ሁለት ዐይን የተሣለላት ሴት

ጡረታ በወጣሁበት ሳምንት ክፍሌን የተረከበችኝ ወጣት ነርስ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው አቡጀዲ ቀና ብላ አየችና፣ «ሲስተር፣ ይሄ ሥዕል የእርስዎ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ?» አለችኝ። የንብረት ቁጥር የለውም። የእኔም አይደለም። «ይቆይ» አልኳት።

«ማን ነው የሣለው?»

«አንድ ታካሚያችን» ብዬ አለፍኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ሊሸኙኝ ለስላሳና ዳቦ አዘጋጅተው በረንዳው ላይ ይጠብቁኝ ስለነበር ከዚያ በላይ ማውራት አልቻልኩም። አሁን ግን ጊዜ አለኝ። ለሷም ለሌላውም እንዲሆን ከመጀመሪያው ልንገረው።

የተወለድኩት ክብረ መንግሥት ነው። አባቴ ከመንዝ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። ያኔ ወደዚያ ከተማ የሚመጣው ሰው ሁሉ ወርቅ ፍለጋ ነው የሚመጣው፤ እሱ ግን ልጁን ጥሩወርቅ ብሎ ስም አወጣና ፍለጋውን በዚያው ጨረሰ እያለች እናቴ ትቀልድበት ነበር። ነርስነት ተምሬ እንደጨረስኩ፣ መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ሀገረ ማርያም ተመደብኩ፤ ዛሬ ቡሌ ሆራ የምትባለው ማለት ነው። ወባ፣ ወሊድ፣ ከቡና መኪና ላይ የወደቀ ጫኝ፤ ቀኑ እንዴት እንደሚያልፍ አይታወቅም። ደመወዙ እንደ ሁሉም የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ አላማርርም።

አንድ ቀን ለአእምሮ ሕክምና የሚሠለጥን ነርስ ይላክ ተብሎ መጣ። እጁን ያወጣ ሰው አልነበረም። አለቃዬ ተጫዋች ሰው ነው፤ «ጥሩወርቅ፣ አንቺ ትዕግሥት አለሽ። ደግሞ ባል የለሽም፣ የሚከለክልሽ የለም» አለኝና አዲስ አበባ ላከኝ። ጓደኞቼ ከዚያ ወዲያ «የእብድ ነርስ» እያሉ ይጠሩኝ ጀመር። ባሉም ቢሆን ከዚያ በኋላ ዘገየ።

ሥልጠናው ላይ አንድ ሽማግሌ ሐኪም ያስተምሩን ነበር። ስለ መድኃኒቱና ስለ በሽታው መስማት ሲደክመን መጋረጃውን ይዘጉና በስላይድ ሥዕል ያሳዩናል። የዱሮ ሰዎች ማስተዋልን እንዴት አድርገው እንደሣሉት ነው የሚያሳዩን። ፈረንጆቹ ሴት አድርገው ይሥሏታል። አንዱ ላይ የጦር ቆብ ደፍታ አንበሳ በልጓም ይዛ ትጎትታለች፤ አንበሳው ስሜት ነው፣ ቁጣ ነው አሉን። ሌላው ላይ ችቦ ይዛ ጭጋግ ትገፋለች። አንዱ ላይ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ያንቀላፋ ሰው አለ፤ ከጀርባው የሌሊት ወፍና ጉጉት ይግተለተላሉ። እኔ ማስታወሻ መያዝ ትቼ አፌን ከፍቼ ነው የማየው። አባቴ ቤት ውስጥ የነበረው ሥዕል የመላእክት ብቻ ነው፤ ሰው ሐሳብን ያህል የማይጨበጥ ነገር በቀለም ለመያዝ ይታገላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ከሥልጠናው ስመለስ ነገሌ ቦረና ተመደብኩ። ሙቀቱና ቀይ አቧራው ለደጋ ልጅ አይመችም፤ ክብረ መንግሥት ዝናብ የጠገበ አገር ነው። በሆስፒታሉ ለአእምሮ ሕክምና የተሰጠን ክፍል ዱሮ አልጋና ፍራሽ የሚቀመጥበት መጋዘን ነበር። አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። እዚያ ውስጥ ነው ጋሽ ጃርሶን ያገኘሁት።

ጋሽ ጃርሶ የቦረና ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ። ከድሬሰርነት የጀመረ ነባር ሠራተኛ ነው። ጋዋኑን ለጽዳት ሠራተኛ አይሰጥም፤ ራሱ አጥቦ፣ ራሱ አስጥቶ፣ ሳይተኮስ እጥፋቱ እንዲይዝ ፍራሹ ሥር አድርጎ ያድርበታል። ሰው በሰንሰለት ታስሮ ሲመጣ ቤተሰቡን አይቆጣም። «ሰንሰለቱ ይከብዳችኋል፣ እኔ ልያዝላችሁ» ብሎ ቁልፉን ይቀበላል፤ እነሱም እፎይ ብለው ይሰጡታል። ከታካሚው ፊት ለፊት አይቀመጥም። አግዳሚው ላይ ከጎኑ ይቀመጥና ሁለቱም በሩን እያዩ ያወራሉ።

እኔ ከአዲስ አበባ ይዤ የመጣሁት የጥያቄ ወረቀት ነበረኝ። ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ከመቶ ላይ ሰባት ሲቀነስ? ጋሽ ጃርሶ ወረቀቱን ይወደዋል፤ ግን ከሱ በፊት ሰላምታ ያስቀድማል። የቦረና ሰላምታ ደግሞ አጭር አይደለም። ናጋ፣ ሰላም ነው? ቤቱ ናጋ? ልጆቹ? ከብቱ? ዝናቡ እንዴት ነው? ሣሩስ? ወተቱስ? ታካሚው እስከ የት ድረስ ተከትሎት እንደሄደ ያዳምጣል። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ይልና፣ «ከብቱ ላይ ነበር፤ ዝናቡ ላይ ስደርስ ጠፋብኝ» ይለኛል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሣሩ ላይ ከደረሰ ፊቱ ይበራል። እኔ መጠንና የመድኃኒት ጠባይ አስተማርኩት፤ እሱ መቀመጥን አስተማረኝ። ስንጣላ እንኳ በዝግታ ነው የምንጣላው።

ጋሽ በላይነህ የመጣው በክብረ መንግሥት መንገድ ካለችው ከወደራ ከተማ ነው፤ በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ እጁ በገመድ ታስሮ፣ ሚስቱ ዝናሽ ራሱን በነጠላዋ ከፀሐይ ጋርዳው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። ምን ሆኖ ነው ብዬ ስጠይቃት እንባ ቀደማት።

«ሲስተር፣ ሐዋርያቱን አጠፋቸው። ግድግዳ ሙሉ ሐዋርያት ሣለና ሁሉንም ወደ ጎን አዙሮ አንዳንድ ዐይን አደረገላቸው።»

«ታዲያ ወደ ጎን ቢዞሩ ምን አለበት?»

ዝናሽ እብዱ እኔ የሆንኩ ይመስል አየችኝ። «ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዐይን የሚሣለው ይሁዳ ነው እኮ! ሰይጣን ነው! ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ነው የሚሣለው። ካህናቱ ሲያዩት ጮኹ። እሱ ደግሞ ‹እኔን ሲያዩኝ እንዲህ ነው የሚያዩኝ፣ በአንድ ዐይናቸው ነው፤ ድምፃቸውንም እሰማለሁ› ይላል።»

ጠበል ወስደውት ነበር። አንገቱ ላይ ዐይን የተሣለበት ክታብ አስረውለት ነበር። ጋሽ ጃርሶ ክታቡን አልነካበትም። ከጎኑ ተቀመጠና ሰላምታ ጀመረ። ጋሽ በላይነህ ኦሮምኛውን ያውቃል፤ «ናጋ» ብሎ አንዴ መለሰ፤ ሁለተኛው ላይ ጠፋ።

በዚያን ጊዜ ግድግዳችን ላይ ከጤና ቢሮ የመጣ ፖስተር ነበር። የሰው ጭንቅላት ነው፤ ወደ ጎን ዞሯል፤ ቅሉ ተከፍቶ ውስጡ አንጎልና የሰዓት ጥርስ የሚመስሉ መዘውሮች ይታያሉ። ከሥሩ አእምሮዎን ይጠብቁ ይላል። ጋሽ በላይነህ ብድግ ብሎ ፖስተሩን ገለበጠና ጀርባውን ወደ እኛ አደረገው። ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ የበሽታው ምልክት ነው ብዬ ካርዱ ላይ ጻፍኩት። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ፖስተሩ ትዝ አለኝ። አንድ ዐይን! የዚህ አገር እናት ልጇን ይዛ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው፣ በቤተ ክርስቲያን ሰይጣን የሚሣልበትን አኳኋን ነው። ስንት ሰው በሩ ላይ ደርሶ እንደተመለሰ እግዜር ይወቅ።

መድኃኒት ጀመርንለት። የሚሰማው ድምፅ ራቀ። እንቅልፍ ተኛ፣ በላ፣ ገላውን ታጠበ። ሲሻለው ጥሩ ጨዋታ አዋቂ ሆኖ አገኘነው። የዱሮዎቹ ሠዓሊዎች ስለ ልብ የሚያውቁትን ይነግረኛል። «ሲስተር፣ እናንተ አእምሮ ጭንቅላት ውስጥ ነው ትላላችሁ። እኛ ልብ ነው የምንለው፤ ልብ ደግሞ አይታይም። ስለዚህ በዐይን ይሣላል። በብራና ላይ ጋኔን የያዘው ሰው ሲሣል ራቁቱን ነው፣ ዐይኑ ይባክናል። ልቡ ሲመለስለት ልብስ ለብሶ ተቀምጦ ነው የሚሣለው፤ ዐይኑ ይረጋል። ክታቡ ላይ ያለው ዐይንም እኮ ለዚያ ነው፤ የሚያይህን እየው ማለት ነው።»

የአዲስ አበባውን ስላይድ ነገርኩት፤ አንበሳ በልጓም ስለያዘችው ሴት። በጥሞና ሰማኝና፣ «አንበሳውስ ስንት ዐይን ነበረው?» አለኝ። ጋሽ ጃርሶ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ።

አንድ ቀን ከቢሮ እንግዶች መጡ። ጋሽ በላይነህን ጠርቼ አሳየኋቸው። በገመድ ታስሮ የመጣ ሰው እንዴት ጨዋ ሆኖ እንደተቀመጠ አዩ፣ አመሰገኑኝ፣ አለቃዬም ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በእውነት ኮራሁ። ያልነገርኳቸው ነገር፣ አስቤው ስለማላውቅ፣ የሰውየው እጅ ነበር። መድኃኒቱ ሰውነቱን አድርቆታል፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ለመንቀጥቀጡ የሚሰጠው ክኒን ጠፍቶ ነበር፤ ሲመጣ ይሰጠዋል ብዬ በይደር ያዝኩት። ለእኔ ትንሽ ነገር ነው።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጋሽ በላይነህ እርሳስ ጠየቀኝ። ወረቀት ላይ ዐይን ሊሥል ሞከረ። ክቡ አልገጥም አለ፤ መስመሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ። ሁለተኛ ሞከረ። ከዚያ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠና፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎኝ ወጣ። ወደራ ሲገባ መድኃኒቱን ጣለው።

ዝናሽ ስትመጣ እግሯ አቧራ ለብሶ ነበር። ቤቱን ትቶ ጠፍቷል። በፊልቱ መንገድ ወደ ቆላው ሲወርድ ያዩት አሉ። ጋሽ ጃርሶ ዘመዶቹን፣ ግመል ጠባቂዎቹን፣ የመኪና ረዳቶቹን ሁሉ አስጠየቀ። ሲያገኙት ከአንድ ግራር ሥር ነበር፤ ከሌሊቱ ብርድ ሲሸሽ እሳት ጥግ ተኝቶ የግራ እግሩ ተቃጥሏል። ከዘመቻ የተመለሰ ወታደር መስሎ ነው ያመጡት። ሁለት የእግሩ ጣቶች ተቆረጡ። እስከዛሬ ያነክሳል።

ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ስንወጣ ለጋሽ ጃርሶ፣ «መድኃኒቱን ባያቋርጥ ኖሮ እኮ ድኖ ነበር» አልኩት።

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ምን ሊሠራ ነው የሚድነው?»

«እንዴት?»

«ሰውየው ሲድን ምን ሊሠራ ነው? እኔም አልጠየቅኩትም፣ አንቺም አልጠየቅሽውም። ዝም ብሎ እንዲቀመጥልን ነው የፈለግነው።» ቁጣ አልነበረውም። ራሱንም ጨምሮ ነው የተናገረው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጡረታዬ ድረስ ካርድ ስከፍት ከስምና ከዕድሜ ቀጥሎ የምጠይቀው ይህንኑ ሆነ። ሲድኑ ምን ይሠራሉ? አንዷ ቂጣ እጋግራለሁ ትላለች፤ አንዱ ግመሎቼን በስማቸው እጠራለሁ አለኝ።

ለጋሽ በላይነህ መድኃኒቱን እንደገና ስንጀምርለት በጣም ዝቅ ካለ መጠን ነው የጀመርነው። በየቀጠሮው እርሳስ እሰጠዋለሁ፤ አንድ ዐይን ይሥላል። ዐይኑ ከተሰበረ መጠኑን እንቀንሳለን። ዐይኑ ጥሩ ሆኖ ሰውየው በሩን በሩን እያየ የሚያዳምጥ ከሆነ ትንሽ እንጨምራለን። በየትኛውም መጽሐፍ ያልተማርኩት ሕክምና ነው። ጥቂት ወራት እንዲህ ስንወጣና ስንወርድ ቆየን፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ግን አቃተን። እጁ ሲረጋ ድምፁ ይመጣል፤ ድምፁ ጭልጥ ብሎ ሲጠፋ እጁ ይደርቃል።

በመጨረሻ ራሱ ፈረደ። «ሲስተር፣ ትንሽ ድምፅ ይቅርልኝ። እንደ ጎረቤት ሬድዮ ከሩቅ ሲሰማ አይጎዳኝም፤ ውሸቱን እንደሆነ አሁን አውቄዋለሁ። እጄን ብቻ ስጡኝ።»

ፈራሁ። ሥልጠናዬ ምልክት እስኪጠፋ ድረስ ይላል። ጋሽ ጃርሶን አየሁት፤ ጋሽ ጃርሶ ዝናሽን አያት። ዝናሽ፣ «ድምፁ ከበዛበት እኔ አውቃለሁ፤ ሽንኩርት ስከትፍ ሁልጊዜ ያፏጫል፣ ከባሰበት ማፏጨቱን ያቆማል» አለች። በዚህ ተስማማን። መጠኑን እዚያው ላይ ተውነው።

እጁ ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራውን ለእኛ ልሥራ አለ። የቢሮውን ፖስተር አውርደን በምትኩ የሚሰቀል። አቡጀዲውን የሰጡን ከገበያው ጥግ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ኢብራሂም ናቸው፤ እህታቸው እኛ ጋ ትታከም ነበር። ራሳቸው ሥዕል ቤታቸው አይሰቅሉም፤ «ግን የእናንተ ሐኪም ቤት ነው፣ ሰው ይማርበት» አሉ። ከዚያ አምስታችንም እዚያች መጋዘን ውስጥ ተቀምጠን አእምሮ እንዴት ይሣል ብለን ተከራከርን። ብትሰሙን ትስቁ ነበር።

ሐጂ፣ «በኦሮምኛ ቀልቢ ነው የምንለው። ከዐረብኛው ነው፣ ልብ ማለት ነው። እናንተም በአማርኛ ልብ በል፣ ልብ ግዛ ትላላችሁ። ሁላችንም ልብ ካልን ልብ ይሣል» አሉ።

«ልብ ብሥል ሰው የሉካንዳ ማስታወቂያ ነው የሚለው» አለ ጋሽ በላይነህ።

እኔ ችቦ የያዘችውን ሴት ሐሳብ አቀረብኩ። ማንም አልተቀበለኝም፤ ዝናሽ እንዲያውም ቤት ልታቃጥል ነው እንዴ አለች። በመጨረሻ ጋሽ ጃርሶ፣ «እኔ ቀልቢውን የማገኘው ሰላምታ ሲመልስልኝ ነው» አለ። ጋሽ በላይነህ ከሰሉን አነሣ።

የሣለው እንግዲህ ይኸው ግድግዳው ላይ ያለው ነው። አንድ ሰው በራፉ ላይ ተቀምጧል፣ ንጹሕ ልብስ ለብሷል። አንድ መንገደኛ እጁን ዘርግቶለታል። የተቀመጠው ሰውዬ ከመቀመጫው ሊነሣ ከፍ ብሏል፣ በሁለት ዐይኑ መንገደኛውን ያየዋል። ከዚህ በቀር ምንም የለም። ተሰቅሎ ከዋለ በኋላ ታካሚዎች ሲገቡ መጀመሪያ እሱን ያዩና አንዳንዶቹ ሳያስቡት እጃቸውን ያነሣሉ።

ጋሽ ጃርሶ ጡረታ ወጥቶ ወደ ከብቶቹ ተመለሰ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሰላም አረፈ። ሥራውም ተለወጠ። መድኃኒቱ በየጤና ጣቢያው ደረሰ፣ ዲግሪ ያላቸው ልጆች መጡ፣ ካርዱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጉልበቴን ታመምኩ። ጋሽ በላይነህ የሱቅ ማስታወቂያ እየጻፈ፣ አልፎ አልፎ የቤት ሥዕል እየሣለ ኖረ። ቤተ ክርስቲያን ግን ዳግመኛ አልጠራውም።

ጡረታዬ ሲቃረብ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ጠራው። ወደራ አዲስ ግድግዳ ተሠርቶ የሰሎሞንን ፍርድ ይሣልልን ተባለ። ደስታውን በስልክ ነግሮኝ ብዙ ሳይቆይ ዝናሽ ደወለች። ድምፅዋ ያን ቀን በአይሱዙ የመጣች ዕለት የነበረው ነው።

«ሲስተር፣ ተመልሶበታል መሰለኝ። አስተዳዳሪው መምሬ ጥላሁን ሥራውን አስቆሙት። ዐይን ነው አሁንም። ነገ ይምጡልኝ።»

«ያፏጫል?»

«ሽንኩርት የከተፍኩበት ቀን መች አለ፣ ምግብ ማን በላ!»

በመጀመሪያው መኪና ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ የማስበው መጠኑን ነው። ትንሽ ድምፅ ይቅር ብዬ የተስማማሁት እኔ ነኝ፤ ያ ትንሽ ድምፅ ይሆን ዛሬ ያደገው? ሰውየውን ካህናቱ ሁለተኛ ካባረሩት ሦስተኛ እንደማይነሣ አውቃለሁ።

መምሬ ጥላሁን በሩ ላይ ነበሩ። ቁጡ አይደሉም፤ የተጨነቁ ናቸው። «ይግቡና ራስዎ ይዩት» አሉኝ። ጋሽ በላይነህ መወጣጫው ርብራብ ሥር ተቀምጧል፤ ብሩሾቹን አጥቦ ደርድሯቸዋል። ግድግዳው ላይ ንጉሡ በዙፋኑ አለ፤ ጭፍራው ሰይፍ መዞ ሕፃኑን በእግሩ አንጠልጥሏል፤ እውነተኛዋ እናት እጇን ዘርግታ ትጮኻለች። ሐሰተኛዋ፣ ይከፈል ያለችው ሴት፣ በሥርዓቱ ወደ ጎን ዞራ አንድ ዐይን ሊኖራት ይገባ ነበር። ፊቷን ወደ እኛ አድርጎ ሁለት ዐይን ሰጥቷታል። እቅፏ ውስጥም የተጠቀለለ የሞተ ሕፃን አለ።

ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ጮኸ። ሁለታችንም በሩን እያየን ሰላምታ ጀመርኩ። ቤቱ እንዴት ነው? ዝናሽስ? ዝናቡስ? ጎረቤቶቹስ? የሱቁ ማስታወቂያ አለቀ? ሁሉንም መለሰልኝ። ጨርሶ ደግሞ፣ «ጉልበትዎ ብሶበታል፣ ለምን በዚህ መንገድ ይመጣሉ?» አለኝ። እርሳስ ሰጠሁት። ወረቀቱ ላይ ዐይን ሣለ፤ ክቡ ሳይሰበር ገጠመ።

«እንግዲህ ይንገሩኝ፤ ለምን ሁለት አደረጉላት?»

«ሲስተር፣ ሁሉም ሰው የሰው ልጅ ነጠቀች ይላል። የሷ ልጅስ? በእንቅልፏ ተጭናው ስትነቃ ሞቶ አገኘችው። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ነገር የጤነኛ ሰው ነገር ነው? ይከፈል ያለችው እኮ ልቧ ስለሌለ ነው። ክፉ ብትሆን በአንድ ዐይን እሥላት ነበር። ታማለች። እኔ ያንን ሁሉ ሐዋርያ ያበላሸሁ ቀን ክፉ ነበርኩ?»

ወደ መምሬ ጥላሁን ሄድኩ። «አባቴ፣ በሽታ አይደለም። አስቦበት ነው።»

«አስቦበት ከሆነማ የባሰ ነው!» አሉ። ሳቄን ዋጥኩት። እሳቸውም ፈገግ ሊሉ ነበር፣ ተዉት። ገቡና ከሥዕሉ ፊት ቆሙ። «በላይነህ፣ ሥርዓት አለ። አባቶች እንዲህ አልሣሉም።»

«ሥርዓቱ ለከሃዲ ነው አባቴ። ይህች ማንን ከዳች? የከዳትስ እንቅልፏ ነው።»

 መምሬ ጥላሁን መቋሚያቸውን ተደግፈው የሴትየዋን እቅፍ አዩ። እኔ የመድኃኒት መጠን ሥራውን እስኪጀምር እንደምጠብቅ ነው የጠበቅኳቸው። በመጨረሻ ለማንም ያልሆነ በሚመስል ድምፅ፣ «ንጉሡም እኮ ሕፃኑን ለእናቱ ስጡ አለ እንጂ እሷን ቅጡልኝ አላለም» አሉ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «ይቆይ። የሚጠይቀኝ ካለ እኔ እመልሳለሁ» አሉ።

ዝናሽ ግቢው ጥግ ላይ ቆማ ስታዳምጥ ነበር። ያን ቀን ምሳ ሽሮ ሠራችልን፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ከውጭ ፉጨት ይሰማ ነበር።

ሥዕሉ ለበዓል ተገለጠ። ሰው አየው፣ አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዳንዱ አላስተዋለም። ለጠየቀ ሁሉ መምሬ ጥላሁን፣ «ታማ ነው» ይሉ ነበር። እኔ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ አንዲት ወጣት ሴት ከተሰለፉት ሁሉ ኋላ ተቀምጣ ጥቁር ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ ይዛ አየኋት። ተራዋ ሲደርስ ገባች እንጂ አልተቀመጠችም።

«ሲስተር፣ ወደራ ቤተ ክርስቲያን ያለችው ሴትዮ፣ ልጇ የሞተባት፣ እናንተ ጋ ነው የታከመችው?»

ሥዕል ናት ማለት እችል ነበር። «የሣላት ሰው እዚህ ነው የታከመው» አልኳት።

«እሷንም ያክሟታል? ብትመጣ ማለቴ ነው።»

«ብትመጣ ደስ ይለኛል።»

ጃንጥላውን ከፈተችው፤ ቤት ውስጥ መሆኗን ረስታ ነው። መልሳ ዘጋችው። «እኔ ነኝ» አለች። «ሳጠባው እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ሥሬ ነበር። ለሰው ትኩሳት ነው ብያለሁ፤ ለባሌም ትኩሳት ነው ብያለሁ። ከዚያ ወዲህ የሰው ሕፃን ሳይ እጄ የሚያደርገውን አላምነውም። እንቅልፍም እንዳይወስደኝ ቆሜ ነው የማድረው።»

ብድግ ብዬ አስቀመጥኳት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ ብዙ የተናገረችው እሷ ናት። ለመናገር ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ውጭ የተሰለፉት ሰዎች ምን እንደገባቸው አላውቅም፣ ከመካከላቸው አንድም በሩን ያንኳኳ አልነበረም። ባሏን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛው መጣች፤ እኔ እንደማገዝ ሆኜ እሷ ነገረችው። እሱም ጃንጥላዋን ከእጇ ተቀብሎ ያዘላት። መድኃኒትም ወሰደች፣ ወራት ፈጀ፣ ሁለት ጊዜ ብሶባት ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ከዚያ ቀጠሮዋ እየራቀ እየራቀ ሄደ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ገበያ ራሴ እሄዳለሁ። ባለፈው ወር ከቲማቲም ተራ አንዲት ሴት ከደንበኛ ጋር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትከራከር ሰምቼ ዞር ብል እሷ ናት። ደንበኛው ተሸንፎ ሄደ። እኔን ስታይ ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ የት እንደተዋወቅን ገበያው ሁሉ እንዲያውቅ አልፈለገችም፣ መብቷ ነው። «ዘንቢሉን ያቅርቡልኝ» አለችኝ ብቻ። የገዛሁትን መዘነችና ከላዩ መረቀችልኝ። ጨመረች። ደግሞ ጨመረች።

«ኧረ ይበቃል፣ ልጄ» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ትልቁን እየመረጠች፣ «መብቃቱን የማውቀው እኔ ነኝ» አለችኝ።